የሦስት ማዕዘን ማሳ ልኬት እንዴት ይመረመራል?

የገበሬ ማሳ ሁልጊዜ አራት ማዕዘን አይደለም። በወንዝ፣ በመንገድ ወይም በገደል የተቆረጠ ማሳ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የዚህን ማሳ ስፋት ለማወቅ ሦስቱን ጎኖች በሜትር መለካት ይበቃል። ዳሩ ግን ልኬቱ ከተሳሳተ ዘሩም ማዳበሪያውም ይሳሳታል። ስለዚህ ስፋቱ ከመሰላቱ በፊት፣ የተለኩት ቁጥሮች ሦስት ማዕዘን ሊሠሩ መቻላቸውን መመርመር ያስፈልጋል።

ደንቡ ይህ ነው፤ የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ድምር ከረጅሙ ጎን መብለጥ አለበት። ምክንያቱም ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው በቀጥታ የሚኬደው መንገድ፣ በሦስተኛው ችካል ዞሮ ከሚኬደው ምንጊዜም ያጥራል። ድምሩ ካነሰ፣ ከረጅሙ ጎን ሁለት ጫፎች የተዘረጉት ገመዶች አይገናኙም። እኩል ከሆነም ገመዶቹ የሚገናኙት በረጅሙ ጎን ላይ ተጋድመው ነው፤ በመካከላቸው የሚታረስ መሬት አይኖርም።

ምሳሌ፤ በመዝገብ 73፣ 35 እና 25 ሜትር ተብሎ ተጽፏል እንበል። የ35 እና የ25 ድምር 60 ነው፤ ከ73 ያንሳል። እንዲህ ያለ ማሳ በምድር ላይ የለም። ተመልሶ ሲለካ 52 የነበረው 25 ተብሎ መጻፉ ታወቀ። የ35 እና የ52 ድምር 87 ነው፤ ከ73 ስለሚበልጥ ወደ ስሌቱ ማለፍ ይቻላል።

ስፋቱ እንደሚከተለው ይሰላል።

1ኛ/ ሦስቱን ጎኖች ደምሮ ለ2 ማካፈል፤ 160 ለ2 ሲካፈል 80 ይሆናል።

2ኛ/ ከ80 ላይ እያንዳንዱን ጎን መቀነስ፤ 7፣ 45 እና 28 ይገኛል።

3ኛ/ 80ን፣ 7ን፣ 45ን እና 28ን እርስ በርስ ማባዛት፤ 705,600 ይሆናል።

4ኛ/ በራሱ ሲባዛ ይህን የሚሰጠውን ቁጥር መፈለግ፤ 840 ነው።

እንግዲህ ማሳው 840 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ የተመከረ ቢሆን፣ ለዚህ ማሳ 8 ኪሎ ከ400 ግራም ይበቃዋል።

ነገር ግን ደንቡን ያለፈ ልኬት ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። 52ቱ በስሕተት 42 ተብሎ ቢጻፍ፣ የ35 እና የ42 ድምር 77 ስለሆነ ደንቡን ያልፋል። ስፋቱ ግን ወደ 445 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ ሰብሉም ከሚገባው ማዳበሪያ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያገኛል።

ስለዚህ ገበሬውና የልማት ሠራተኛው ገመዱን ሳያላሉ፣ በተዳፋት ቦታም አግድም ይዘው፣ እያንዳንዱን ጎን ሁለት ጊዜ ይለኩ። ቁጥሩን እዚያው ማሳው ላይ ይጻፉ፤ ችካሎቹም ሳይነቀሉ ደንቡን ይሞክሩ።