ናስ ከመግዛትዎ በፊት

ሠርግ ላይ ሁለት ካሜራ ለ6 ሰዓት ቢቀርጽና ቀረጻው በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚወስድ 4ኬ ቢሆን፣ የዕለቱ ፋይል ወደ 540 ጊጋባይት ይደርሳል። ብዙ ቪዲዮ ቤቶች ይህን በተለያዩ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ላይ ይበትኑታል። ሙሽሮቹ ከወራት በኋላ ሲመጡ የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ፍለጋ ይጀመራል፤ ዲስኩ ወድቆ ከሆነ ደግሞ የማይደገም ቀን አብሮት ይጠፋል።

ናስ ለዚህ የተሠራ ነው። ሃርድ ዲስኮች የሚሰኩበት፣ የራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን ሞኒተርም ኪቦርድም አያስፈልገውም። በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኝና በቤቱ ወይም በቢሮው ያለ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ይጠቀምበታል። በገበያው ስማቸው የገነነው ሲኖሎጂና ኪውናፕ ሁለቱም የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው።

ለቤትና ጥቂት ሠራተኞች ላሉት ቢሮ ባለ ሁለት ዲስኩ ይበቃል እላለሁ። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ሬይድ 1 በሚባለው አሠራር ሲጣመሩ የሚጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ ስለሚሰፍር የሚያገኙት 4 ቴራባይት ብቻ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ግን ሥራ አይቆምም። ለቪዲዮ ቤት ባለ አራቱ ይሻላል፤ እነዚያው ዲስኮች አራት ሆነው በሬይድ 5 ሲሠሩ 12 ቴራባይት ይሰጣሉ፣ የአንዱንም መበላሸት ይችላሉ። ዲስክ ሲገዙ ሲኤምአር የሚባለው ዓይነት መሆኑን ይጠይቁ። ኤስኤምአር የሚባሉት የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ መረጃው እንደገና ሲገነባ እጅግ ይንቀራፈፋሉ።

የኔትወርክ ኬብሎች የሚገናኙበትን ስዊች ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያ 540 ጊጋባይት በጊጋቢት ኔትወርክ በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይገለበጣል፤ መሀል ላይ ባለ 100 ሜጋቢት አሮጌ ስዊች ካለ ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ የግድ ነው። በዩኤስቢ ከናሱ ጋር የሚነጋገር ዓይነት ከሆነ፣ ባትሪው ሳያልቅ ናሱ የጀመረውን ጽፎ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ገንዘብ ካጠረዎት ፈጣኑን ፕሮሰሰር ይተዉና ዩፒኤሱን ይግዙ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሬይድ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይሰረዛል። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶች ውስጥ ገብቶ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ሬይድ ያዳነው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ናስዎን በቀጥታ ለኢንተርኔት አይክፈቱት። የፋይሎችዎን ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ይያዙና ከቢሮው ውጭ ያስቀምጡ፤ አልፎ አልፎም ከቅጂው አንድ ፋይል አውጥተው በትክክል መከፈቱን ይፈትሹ።