ጸጉር የለበሱት ጻድቅ በሦስት ጣት ናስ ላይ

ሰማዩ በጠራ ጠዋት ከገላን ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው የዝቋላ ተራራ ብቅ ይላል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣው የአቦ መንገደኛ በገላንና በዱከም አድርጎ ወደዚያ ያቀናል። አብዛኛው ሰው አቦን፣ ማለትም አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን፣ የሚያውቃቸው ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ባለቀለም የወረቀት ሥዕል ነው። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ቀለም አልባውን ነው፤ አሮጌ የእጅ መስቀል ላይ፣ ሦስት ጣት በማይሞላ ቦታ፣ በሹል ብረት የተቀረጸውን።

ቀልጦ የሚፈስስ መስቀል መጀመሪያ በሰም ይበጃል። ሰሙ በጭቃ ይሸፈንና በእሳት ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ናስ ይገባል። (ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔም ስሙን የተዋሰው ከዚሁ ሙያ ነው።) ከቀዘቀዘና ከተሞረደ በኋላ ቀራጩ መጫር ይጀምራል። ላጲስ የለውም፤ የሳተች መስመር እዚያው ትቀራለች።

በጎንደር ዘመን መስቀሎች ላይ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ጊዮርጊስም ከነፈረሱ ይገኛሉ። ያለ ቀለም የመጎናጸፊያን እጥፋት ማሳየት ግን አስቸጋሪ ነው። አቦ ዘንድ ይህ ችግር የለም። ገላቸውን የሸፈነው ጸጉራቸው ነው፤ ቀራጩ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭረት በጭረት ሲያወርድ ጻድቁ ለብሰው ይቆማሉ። ለመቅረጫ ብረት ከእሳቸው የሚስማማ ቅዱስ ያለ አይመስለኝም።

ገድላቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው ነበር ይላል። ቦታው አንድ ሁለቱን ብቻ ያስገባል፤ አንበሳውም አንዳንዴ ድመት ድመት ይላል። ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣዋ ወፍ ከተገኘችማ ቀራጩ ጎበዝ ነው።

የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንትም በ1648 (እ.ኤ.አ.) ቅዱስ ጀሮምን ከዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ አንበሳውን ከዛፉ ጀርባ ብቅ አድርጎ ሠርቷል። እሱ መዳብ ላይ መከላከያ ቀብቶ በመርፌ ይጭራል፣ የተጫረውን በአሲድ ያስበላል፣ በቀለም ወረቀት ላይ ያትማል። ለእሱ መዳቡ መሣሪያ ነው፤ ሥራው ወረቀቱ ነው። የእኛው ግን ቅጂ የለውም። ምእመናን የሚሳለሙት ራሱን ናሱን ስለሆነ፣ ከዘመን ብዛት የጻድቁ ፊት ይሳሳል። እኔ የተሳሳውን እመርጣለሁ።

ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በርካታ መስቀሎች አሉት። ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ እጀታውንም እዩ።