ስንት ጊዜ ትናገር?

ደሴ ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ልጆች የምታማክር ባለሙያ ፊት የምትቀመጥ ልጅ ብዙውን ጊዜ አፏን ዘግታ ነው የምትመጣው። ለእናቷ ተናግራለች፣ ለአክስቷ ተናግራለች፣ ለፖሊስና ለሐኪም ደግማለች። ሁሉም የጠየቋት የሆነውን ነው፤ ፍርሃቷን የጠየቃት የለም። ባለሙያዋ ወረቀትና እርሳስ አቅርባ ትጠብቃለች።

ሕክምናው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና ምክሩ በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በአንድ ቦታ የተሰባሰቡት ይህን ድግግሞሽ ለመቀነስ ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ልጆች ተከሳሹን ሳያዩ ከሌላ ክፍል በቪዲዮ ይመሰክራሉ።

የሚፈውስ መናገርም አለ። በትረካ ሕክምና ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ የልጅቱ ዕድሜ ነው። ለደስታ ቀን አበባ፣ ለመከራ ቀን ድንጋይ ይቀመጥበታል። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ድንጋዩ ከቦርከና ወንዝ ዳር ይለቀማል። ከዚያ ልጅቱ ከልደቷ ጀምራ ትተርካለች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ባለሙያዋ አታስቸኩላትም፤ ልጅቱ ያየችውን፣ የሰማችውን፣ ያኔ የተሰማትን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ታወጣዋለች። የተበጣጠሰ ትዝታ በአንድ ሽታ ወይም ድምፅ ተቀስቅሶ ዛሬ የሆነ ያህል ያስደነግጣል፤ ቅደም ተከተል ሲይዝ ግን ያለፈ ነገር መሆን ይጀምራል።

የሠለጠነ ሰው ከየት ይመጣል? የዛምቢያዋ ሉሳካ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት መከራ የደረሰባቸውን 257 ልጆች ተከታትሏል፤ ትረካን ያካተተውን ምክር የሰጡት ሥልጠና የወሰዱ ተራ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ምክሩን ባገኙት ላይ የጭንቀት ምልክቱ በ82 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የተለመደውን አገልግሎት ባገኙት ላይ በ21 በመቶ ብቻ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሆስፒታሏ ለተዘረፈባት ደሴ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ወሎ የራሱ ድጋፍ አለው። ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብስብ ላይ ቡና ፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ የተጨነቀች እናት ትበረታለች። የልጅቱ ምስጢር ግን እዚያ አይዘርገፍ። ሽማግሌ ልኮ ጉዳዩን በካሣ ማብረድ ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረን ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ያላችሁ ወላጆች፦ ልጃችሁ ከነገረቻችሁ “አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” በሏት። ሳታጥቧት፣ ልብሷንም ሳታጥቡ ጤና ተቋም አድርሷት፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም።