ስንጥቁን ይዞ ገደል መውጣት

ከአሶሳ በስተሰሜን፣ መንጌ ላይ፣ አለት ፈልፍሎ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በነጩ የኳርትዝ መስመር ላይ ነው። ያ መስመር ጥንት ስንጥቅ ነበር። ከመሬት ጥልቅ የመጣ ፍል ውሃ ገብቶበት ኳርትዙን፣ ዕድል ሲቀና ደግሞ ወርቁን ጥሎበት ሄደ። ትግራይ ውስጥ በገርዓልታና በነበለት ቀጥ ብለው በቆሙት ቀያይ የአሸዋ ድንጋይ ዓምዶች ላይ ግን ብዙዎቹ ስንጥቆች አልተሞሉም። ወርቅ የላቸውም፤ ገደል ወጪ የሚፈልገው ግን እንዲህ ያለውን ባዶ ስንጥቅ ነው። አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቿ ጋር ወደ ትግራይ የሄደችው እነዚህን አለቶች ለመውጣት ነበር። በዓመቱም “ቨርቲካል ኢትዮጵያ” የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመች።

ገደል መውጣት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገባ ወንድ (ሴት አትገባም) 15 ሜትር ያህል ግድግዳ የሚወጣው ጠፍር ይዞ ነው፤ ሌላ ጠፍር ወገቡ ላይ ይታሰርለትና ከላይ ያሉት ይስቡለታል። አቡነ የማታ ጉህን የሚሳለም ደግሞ ጫማውን አውልቆ በአለቱ ላይ ያሉትን መጨበጫና መርገጫ እየፈለገ ይወጣል።

ዳሞ ላይ ገመዱ ከላይ ይወርዳል። እዚህ የምናወራው አወጣጥ ግን ላይ የሚጠብቅ ሰው የለውም። ቀድሞ የሚወጣው መሪ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አስሮ ከታች ይዞት ይሄዳል፤ ኋላ የሚወጣው ተከታይ ከታች ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል። አይሳብበትም፣ አይንጠለጠልበትም። የገመዱ ሥራ መሪው ሲወድቅ መያዝ ብቻ ነው። ለዚህም ገመዱ መንገድ ላይ ከአለቱ ጋር መያያዝ አለበት። በብዙ አገር ገደሎች ላይ አስቀድሞ የተቸነከረ ብሎን ይገኛል። በዚህ ዓይነት አወጣጥ ግን መሪው መያዣውን ራሱ ይተክላል፣ ተከታዩ ነቅሎ ይዞት ይመጣል። የሚተከልበትም ያው ስንጥቅ ነው፤ እጅ የሚገባበት ስንጥቅ መያዣውንም ይቀበላል።

መያዣው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሽቦ የገባበት ትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው፤ ስንጥቁ ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድበት ቦታ ይወተፋል። ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል በሆነ ስንጥቅ ውስጥ ሽብልቅ ይንሸራተታል። ይህን ችግር የፈታው ሬይ ጃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራውና በ1978 ገበያ ላይ የዋለው ካም፣ ወደ ታች በተሳበ ቁጥር ጥርሶቹ እየተከፈቱ ሁለቱን የስንጥቅ ግድግዳዎች ይገፋሉ። ሰውየው በወደቀ መጠን መያዣው ይጠብቃል ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ግን የሚያስፈራ ነው። ከመጨረሻው መያዣ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የወደቀ ሰው 6 ሜትር ይወርዳል፤ የገመዱ መለጠጥ በዚያ ላይ ይጨመራል። መለጠጡ ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የማይለጠጥ ገመድ ቢሆን ድንገተኛው ጉተታ ወገብን ሊሰብር ይችል ነበር።

አወጣጡስ? ጣት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይጠመዘዛል። ሰፋ ሲል መዳፍ ይገባና አውራ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎ እጁ ይወፍራል፤ ይበልጥ ሲሰፋ ቡጢ። እግርም በጎኑ ገብቶ ይጠመዘዛል፣ ያማል። ሰውነት ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ስንጥቅ ቀላል ነው፤ ጀርባን ባንዱ ግድግዳ፣ እግርን በሌላው ተደግፎ ይወጣል። ለቡጢ ሰፍቶ ለሰውነት የጠበበው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ክርንና ጉልበት ተልጠው እንኳ ከፍታው ብዙም አይጨምርም።

ገደሉ ከገመዱ ሲረዝም ጉዞው በእርከን ይከፈላል። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሜትር ነው፤ እርከኑ ግን ከዚያ ያጥራል፣ ገመዱ ከአለቱ ጋር እየተፋተገ ስለሚከብድና ድምፅም ስለማይሰማ። መሪው ደህና ቦታ ሲደርስ ቢያንስ ሦስት መያዣ ተክሎ ሸክሙ ለሦስቱም እንዲከፋፈል ያስራቸዋል፣ ራሱንም እዚያ ያስርና ተከታዩን ከላይ ሆኖ ይይዘዋል። የዳሞው ዓይነት ገመድ ለተከታዩ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ብዙ ጊዜ ተራ ይለዋወጣሉ። መሪው መያዣውን ገና በመጀመሪያው 20 ሜትር ከጨረሰ፣ የቀረውን በባዶው መውጣት ይጠብቀዋል፤ ስፋቱ በማይለዋወጥ ስንጥቅ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ ልክ ብቻ ስለሆነ ይህ በቀላሉ ይደርሳል።

የትግራይ አሸዋ ድንጋይ የራሱ ጠባይ አለው። ካም የሚይዘው አለቱን በመግፋት ስለሆነ ልፍስፍስ አለት ላይ ጠርዙ ሊፈረፈር፣ ካሙም ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ግራናይት ላይ አንድ መያዣ በሚበቃበት ቦታ እዚህ ሁለት መትከል ደግ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ጥንካሬውን ያጣል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ላዩ ደርቆ ቢታይም ውስጡ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አናት ላይ መድረስ ግማሹ ነው። መውረጃ መንገድ በሌለው ዓምድ ላይ ገመዱ ከአለቱ ጋር በታሰረ መልሕቅ ውስጥ ታጥፎ ያልፍና በሁለቱ ዘርፍ እርከን በእርከን ይወረዳል። የሁለቱም ጫፎች ይቋጠራሉ፤ ያልተቋጠረ ጫፍ በመውረጃ መሣሪያው ውስጥ ሾልኮ ያለፈባቸው ሰዎች ሞተዋል። ሁሉም ከወረዱ በኋላ ቋጠሮው ተፈትቶ አንዱ ዘርፍ ይሳባል። ገመዱ ሲወርድ ስንጥቅ ውስጥ ከተሰነቀረ ደግሞ አንዱ ሰው ሊያስለቅቀው ተመልሶ መውጣት ይኖርበታል።