ሳን ማሪኖ፦ አዲስ ድንጋይ፣ አሮጌ ሹመት

በጣልያን የተከበበችውን ሳን ማሪኖን በፎቶ ያየ ሁሉ «መካከለኛው ዘመን ሳይነካ የቀረበት አገር» ይላል። ገደል አፋፍ ላይ የተሰቀሉ ሦስት ማማዎች፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ መንገድ፣ ከሥር እስከ አድርያቲክ ባሕር የተዘረጋ ሜዳ። ዕይታው አያታልልም። ድንጋዩ ግን ያታልላል።

ጎብኚ ሁሉ ፊቱ ቆሞ ፎቶ የሚነሣበት ፓላትሶ ፑብሊኮ፣ ማለትም የመንግሥቱ ሕንፃ፣ ከ1884 እስከ 1894 የተሠራ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሮማው አርክቴክት ፍራንቼስኮ አዙሪ ሆን ብሎ ጥንታዊ አስመሰለው። ሲመረቅ ለዐድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረም ነበር። ትልቁ ቤተ ክርስቲያንም የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ቅጥሩንና ማማዎቹን ደግሞ ኢንጂነር ጂኖ ዛኒ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሰፊው አድሷቸዋል። ይህ ማለት ማማዎቹ ሐሰተኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ የጓይታ መሠረት የ11ኛው፣ የቼስታ የ13ኛው፣ የሞንታሌ የ14ኛው መቶ ዘመን ነው። ዓይን የሚያየው መልክ ግን አብዛኛው ከአያቶቻችን ዘመን አይርቅም።

ታዲያ እውነተኛው አሮጌ ነገር የት አለ? በፎቶ የማይወጣው ላይ ነው። አገሪቱን የሚመሩት በአንድ ጊዜ ሁለት ርእሳነ ብሔር ናቸው፤ የሚመረጡትም ለስድስት ወር ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት ከ1243 ጀምሮ ይታወቃል። ሥልጣን የለቀቀ ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ አይመረጥም። ዜጋ ደግሞ ከሥልጣን በወረዱት ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ዩኔስኮ በ2008 ከተማዋንና የቲታኖን ተራራ ሲመዘግብ የጠቀሰው የድንጋዩን ውበት ብቻ ሳይሆን ይህን የነጻ ሪፐብሊክ ቀጣይነት ጭምር ነው።

«በ301 ተመሠረተች» የሚለውም በጥንቃቄ የሚነገር ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ማሪኖ የተባለ ድንጋይ ጠራቢ ከዳልማትያ መጥቶ፣ የሮማውን ንጉሠ ነገሥት የዲዮቅልጥያኖስን ስደት ሸሽቶ ተራራው ላይ ተጠጋ። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ሰማዕታትን የምትቆጥርበት ያው ዲዮቅልጥያኖስ መሆኑ ነው። በሥፍራው አንድ ማኅበር መኖሩን የሚመሰክር ጽሑፍ የሚገኘው ግን በ885 ነው። «ተይዛ አታውቅም» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን የጦር መሪው ቼዛሬ ቦርጂያ በ1503፣ ካርዲናል አልቤሮኒ በ1739 ይዘዋታል። ሁለቱም ጊዜ ቆይታው በወራት የሚቆጠር ነበር።

የዓለም ትንሿ አገርም አይደለችም፤ ቫቲካንና ሞናኮ ያንሷታል። ስፋቷ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ ስምንተኛ አይሞላም። ስለ ከፍታው ደግሞ እኛ ደገኞች ብዙ ባንደነቅ አይፈረድብንም፦ የቲታኖ ጫፍ 739 ሜትር ነው፣ ቆላ የምንላት ድሬዳዋ እንኳ ትበልጠዋለች። የሚያስደነግጠው ከፍታው ሳይሆን ገደሉ ቀጥ ብሎ መውረዱ ነው።

ስሟም ያሳስታል፦ በስሟ ይጠራ የነበረው የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር፣ በ1994 ተወዳዳሪው አይርተን ሴና የሞተበት፣ አንድም ቀን መሬቷን አልረገጠም። ኢሞላ፣ ጣልያን ነበር የሚካሄደው።

መንገዱን በተመለከተ፦ መደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ከጣልያኗ ከተማ ከሪሚኒ ይመጣ የነበረው ባቡር በ1932 ተከፍቶ በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆሟል፤ አሁን ከሪሚኒ አውቶቡስ ነው፣ ከቦርጎ ማጆሬ ወደ ላይ ደግሞ ኬብል ካር አለ። ዙሪያዋ ጣልያን ስለሆነ ድንበር ላይ የሚጠይቅ የለም፤ ቢሆንም ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ ለሸንገን ማመልከቱ አይቀርለትም። ዩሮ ትጠቀማለች ማለት የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት ማለት አይደለም። በቱሪስት ቢሮ በክፍያ ፓስፖርት ላይ የሚመታው ማኅተም ማስታወሻ እንጂ የመግቢያ ፈቃድ አይደለም።

ቀን መምረጥ የሚችል ሰው ሹመቱ የሚቀያየርበትን ይምረጥ፦ ኤፕሪል 1 ወይም ኦክቶበር 1፣ በእኛ መጋቢት 23 ወይም ብዙውን ጊዜ የግሸን ማርያም ዕለት መስከረም 21። ያን ቀን ሁለት ጥቁር ቬልቬት የለበሱ ሰዎች በሰልፍ መካከል ይወጣሉ፣ ስድስት ወራቸውን ጨርሰው ለሚወርዱት ሁለት ተተኪ ለመሆን።