የፍልሰታ ጎመንና የደም ማቅጠኛ

ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲገባ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ክረምቱ የጓሮውን ጎመን አለምልሞታል። ሥጋና ወተት ከማዕድ ሲነሡ ጎመኑ በቦታቸው ይተካል። ለአብዛኛው ሰው ደግ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለምትወስድ የልብ ሕመምተኛ ግን ከሐኪሟ ጋር ልትመክርበት የሚገባ ለውጥ ነው።

ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። ጉበት ደምን የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በዚሁ ቫይታሚን ሲሆን፣ ዋርፋሪን ደግሞ ይህንኑ ሥራ ይገታል። ጎመኑ በድንገት ሲበዛ የመድኃኒቱ ጉልበት ይደክማል፤ ጾሙ ተፈትቶ ጎመኑ ሲቀር ያው ኪኒን ይበረታና ድድ ወይም አፍንጫ ሊደማ ይችላል። «ጎመን አትብሊ» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ጾመኛዋ ታዲያ ምን ትብላ? የሚሻለው በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲፈታም ደምን ማስመርመር ነው።

መድኃኒቱ ለምን ታዘዘላት? ጤነኛ ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል በሥርዓት ይመታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የምት መዛባት ግን የልብ የላይኞቹ ክፍሎች በወጉ መኮማተር ትተው ይርገበገባሉ። «ልቤ ድው ድው ይልብኛል፣ ዳገት አቃተኝ» ትላለች ሕመምተኛዋ። በግራው የላይኛው ክፍል ደም እየተኛ ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል።

በአውሮፓ ይህ የምት መዛባት በአብዛኛው የአረጋውያን ነው። በኢትዮጵያ ግን ልጅ የሚያሳድጉ ወጣት እናቶችንም ይይዛል፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ያመጣው የልጅነት የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት መከላከያ በገዛ ልቡ ላይ ይነሣል። የልቡ በር (ቫልቩ) እየጠበበ ይሄዳል፣ ከኋላው ያለው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀርም። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ግን ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል።

ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ ማቅጠኛዎች ለገጠር የተመቹ መስለው ነበር። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ያሳተፈው ኢንቪክተስ የተሰኘ ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ሲታተም ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፦ አዲሱን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ ዋርፋሪንንና መሰሎቹን የወሰዱት ያነሰ ሞት ደረሰባቸው። ስለዚህ ቫልቯ ክፉኛ ለጠበበባት የመንዝ እናት የሚሻላት ነባሩ ዋርፋሪን ነው፣ ከነጣጣው። ጣጣው አይ ኤን አር የተባለው የደም ምርመራ ነው፤ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ3 መካከል መሆን አለበት። ምርመራው በቅርብ ካልተገኘ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን ድረስ መጓዝ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቀኑም ወጪውም ለአስታማሚው ጭምር ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ኪኒኑ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል፤ የትናንቱ ቢረሳ ዛሬ ደርቦ መዋጥ አይገባም። ወገቧን ሲያማት ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን ከመውሰዷ በፊት ሐኪም ትጠይቅ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉና። ጠበል ስትገባም መድኃኒቷን ማቆም የለባትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለልብ ሕሙማንም ይኸው ምክር ቢደርሳቸው የብዙዎችን ሕይወት ይታደጋል።

እርግዝና ግን ከሁሉ በላይ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ እናቲቱን ለስትሮክ ያጋልጣል። ባልና ሚስት ከማርገዟ በፊት አብረው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው፤ የወር አበባዋ ከቀረም ሳትውል ሳታድር ትመርመር።

አስታማሚው አንድ ነገር በደንብ ይወቅ። አፏ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ ወይም አንደበቷ ከተሳሰረ፣ «ምች ነው፣ ብርድ መታት» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ሰዓቱ ያልፋል። አፏ ውስጥ ምግብም ሆነ ኪኒን ሳይደረግ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። አብሯት የሄደው ሰው ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ ዋርፋሪን እንደምትወስድና የመጨረሻውን ኪኒን መቼ እንደዋጠች ይናገር፤ አንጎል ውስጥ የደም መርጋትና የደም መፍሰስ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው።