የእንጨት አውሮፕላን፦ የሚያሰጋው ኮላው እንጂ እንጨቱ አይደለም

አንድ ሰው በቤቱ መሥሪያ ክፍል ውስጥ ከእንጨት አውሮፕላን ይሠራል ሲባል ብዙዎች እንጨት ደካማ ነው፣ ዘመኑም አልፎበታል ይላሉ። ይህ እምነት ጥንካሬን ከክብደት ነጥሎ ከማየት የመጣ ነው። የእንጨት አውሮፕላን ሠሪዎች የሚመርጡት፣ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚበቅለው ሲትካ ስፕሩስ አንድ ሜትር ኩቡ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ አሉሚኒየም 2,700 ይመዝናል። በእኩል ክብደት ካወዳደርናቸው ግን መታጠፍን የመቋቋም አቅማቸው እጅግ ይቀራረባል፤ ለሚበር ነገር ወሳኙም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የእንግሊዞች ሞስኪቶ የጦር አውሮፕላን አካሉ ከኮምፔንሳቶና ከባልሳ እንጨት ተሠርቶ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፍ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 የበረረውን ዦዴል ዲ9 ብዙዎች ንድፉን እየተከተሉ በየቤታቸው ሠርተውታል። የዚሁ ዘር የሆነው ሮቢን ዲአር400፣ ክንፉ ከእንጨት ቢሆንም፣ በፈረንሳይ የበረራ ክበቦች ተማሪዎች ሲሠለጥኑበት ኖረዋል።

የሚጠራጠር ሰው እ.ኤ.አ. የ1931ዱን የካንሳስ አደጋ ቢያነሳ ትክክል ነው። የፎከር አውሮፕላን የእንጨት ክንፍ በአየር ላይ ተገንጥሎ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ዝነኛው የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ ክኑት ሮክኒ ነበር። ነገር ግን የተጠረጠረው እንጨቱ ሳይሆን፣ እርጥበት ገብቶበት የላላው የኮላ መጋጠሚያ ነበር። ክንፉ በኮምፔንሳቶ ተሸፍኖ ስለነበር ልባሱ ሳይገፈፍ ውስጡን መመርመር አስቸጋሪ ነበር። ለእኔ የዚህ ሥራ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠንቃቃ ሠሪ በየጊዜው ከሚበጠብጠው ኮላ በጥቂቱ ወስዶ ሁለት ቁርጥራጮችን ያጣብቅና፣ ሲደርቅ ይሰብራቸዋል። ስብራቱ በእንጨቱ ላይ ከሆነ ሥራው ይቀጥላል፤ በኮላው መስመር ላይ ከሆነ ግን በዚያ ኮላ የተጋጠመው ሁሉ ይፈርሳል። ውሃ የሚጠራቀምበት ጥግ ሁሉ መውረጃ ቀዳዳ ይበጅለታል፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ 20 በታች እስከቆየ ድረስ አይበሰብስምና።

ቤት የተሠራ አውሮፕላን ተቆጣጣሪ የለውም የሚለውም ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ፈቃድ ሳያገኝ አይበርም፤ ካገኘም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት ሕዝብ ከሚበዛበት ርቆ በሙከራ ይበርራል። ሆኖም እውነቱ መሸፈን የለበትም፦ ቤት የተሠሩ አውሮፕላኖች በፋብሪካ ከተሠሩት ይልቅ በብዛት ለአደጋ ይጋለጣሉ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ዋና ሆነው የተገኙት ምክንያቶች ግን የሞተር ሥርዓት ብልሽትና አብራሪው አውሮፕላኑን መቆጣጠር አለመቻሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ አደጋዎችም የደረሱት አውሮፕላኑ መብረር በጀመረ ሰሞን ነው። ስለዚህ ክንፉን ለዓመታት በትዕግሥት ያጣበቀ ሰው ለነዳጅ ቱቦውና ለራሱ የበረራ ልምምድም ያንኑ ያህል መትጋት ይኖርበታል።